አውሬሊያንን የገደለችው ወረቀት

የተከበራችሁ የታሪክ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ስለተገደለ የሮም ገዥ ንግግር አለ ሲባል አብዛኞቻችሁ ዩልዮስ ቄሣርን ጠብቃችሁ እንደመጣችሁ እገምታለሁ። አይፈረድባችሁም። ብሩተስና ካሲየስ፣ የመጋቢት አጋማሽ፣ 23 የጩቤ ቁስል፤ ይህን ታሪክ ሁላችንም ከትምህርት ቤት ይዘነው ወጥተናል። ዛሬ እሱን እናሳርፈው። ከእሱ 300 ዓመት ያህል ቆይቶ ስለተገደለ ሌላ ሰው ነው የማወራችሁ። አውሬሊያን ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በልባችሁ ሰባትና ስምንት እየቀነሳችሁ እንዳትደክሙ።

አውሬሊያን የገዛው አምስት ዓመት ብቻ ነው፤ ከ270 እስከ 275። ሲነግሥ የሮም ግዛት ሦስት ቦታ ተሰንጥቆ ነበር። ሲሞት አንድ ነበር። ይህን ያህል የሠራ ሰው በጠላት እጅ አልሞተም። የገደሉት አብረውት የዘመቱ የራሱ መኮንኖች ናቸው። ደግሞ የቆየ ቂም ኖሯቸው አይደለም። አንድ ጸሐፊ ሐሰተኛ ወረቀት አሳያቸው። አመኑ። ገደሉት። ወረቀቷ ሐሰት መሆኗን ሲያውቁ በክብር ቀበሩት።

እኔን የሚከነክነኝ ነገር ይህ ነው። በጦር ሜዳ የኖሩ ሰዎችን አንዲት ወረቀት እንዴት አሞኘቻቸው? የእኔ መልስ አጭር ነው። ወረቀቷ ያለችው ነገር አውሬሊያን ቢያደርገው ማንም የማይገረምበት ነገር ስለነበረ ነው። እንዴት እዚህ ደረጃ እንደደረሰ ለማየት ግን ሰውየውን ከሥር ጀምሮ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ። ስለ እሱ በሰፊው የሚተርክልን ሂስቶሪያ ኦገስታ የሚባል የላቲን ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ጨዋታ ያውቃል፣ ግን ይዋሻል። ያልተጻፈ ደብዳቤ ይጠቅሳል፤ ያልተደረገ ንግግር ይፈጥራል። ምሁራን እጃቸውን እየሰበሰቡ ነው የሚያነቡት። ከዚያ ያገኘሁትን ስነግራችሁ "ይባላል" እላለሁ። ይባላል ስል እናንተም ግማሹን ብቻ እመኑ።

አውሬሊያን የተወለደው በ214 ወይም በ215 ነው። አገሩ በዳኑብ ወንዝ አካባቢ፣ በዛሬዎቹ ሰርቢያና ቡልጋሪያ ወገን ነው። የድሃ ልጅ ነበር። አባቱ የአንድ ባለጸጋን መሬት የሚያርስ ጭሰኛ፣ እናቱ ደግሞ የፀሐይ አምላክ ካህን እንደነበሩ ይባላል። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ልጅ መውጫው ወታደርነት ነው። ገባ፣ አደገ፣ የፈረሰኛ አዛዥ ሆነ። በጦሩ ውስጥ ሌላም አውሬሊያን ስለነበረ ወታደሮቹ ይኼኛውን "እጁ ከሰይፉ የማይለየው" እያሉ ይለዩት ነበር ይባላል። ቅጽሉ እውነት ባይሆን እንኳ ሰውየውን ይመስላል።

ዘመኑ ክፉ ዘመን ነበር። በ260 ንጉሠ ነገሥት ቫሌሪያን በፋርሱ ንጉሥ በሻፑር ተማረከ። የሮም ንጉሠ ነገሥት በሕይወቱ በጠላት እጅ ሲወድቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። እዚያው ምርኮ ላይ ሞተ። በዚያው ዓመት በምዕራብ ፖስቱመስ የተባለ ጦር አዛዥ ጎልን፣ ማለት የዛሬዋን ፈረንሳይ፣ ከዚያም ብሪታንያንና ስፔንን ይዞ የራሱን መንግሥት አቆመ። በምሥራቅ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ተድሞር የሚላት ፓልሚራ አለች። የበረሃ ነጋዴዎች ከተማ ናት። ገዥዋ ኦዴናቱስ ለሮም ብሎ ፋርሶችን ሲዋጋ ቆይቶ ተገደለ። ሚስቱ ዘኖብያ በትንሽ ልጇ ስም ሥልጣኑን ያዘች። ከዚያ ግብፅን ሳይቀር ጠቀለለችው። የሮም እንጀራ ደግሞ ከግብፅ ስንዴ ነበር የሚመጣው።

ሳንቲሙም ረክሶ ነበር። ብር የሚባለው ሳንቲም አብዛኛው መዳብ ሆኖ፣ በውስጡ ያለው ብር ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ላዩን ብር ያስመስሉታል፤ እጅ ሲበዛበት ቀይ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ላይ ወረርሽኝ አለ። በዚህ ላይ ከዳኑብ ማዶ ጎቶች የሚባሉ ወራሪዎች አሉ።

ነገሥታቱማ ለቁጥር ያታክታሉ። ከ235 እስከ 284 ባሉት 50 ዓመት ገደማ ከ20 በላይ ሰዎች ነግሠዋል። ተኝቶ የሞተ ብርቅ ነው። ዙፋኑን የሚሰጠው ጦሩ ነው፤ የሚነሳውም ጦሩ ነው። አውሬሊያን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ በ268 ዓይኑ ሥር ተፈጽሟልና። ንጉሠ ነገሥት ጋሊየነስ ሚላንን ከብቦ ሳለ የራሱ መኮንኖች አሴሩበት። ሌሊት "ጠላት መጣ" ብለው ከድንኳኑ አስወጡት። ጠባቂዎቹ እስኪሰበሰቡ አልጠበቀም። በጨለማ ጨረሱት። ከሴረኞቹ መካከል የአውሬሊያንም ስም ይነሳል። እዚህች ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

ከጋሊየነስ በኋላ የነገሠው ክላውዴዎስ በ270 በወረርሽኙ ሞተ። ወንድሙ ቢሞክርም የዳኑብ ጦር አውሬሊያንን መረጠ። ወንድምየው ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

አዲሱ ንጉሥ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ዩቱንጊ የሚባሉ ጀርመናውያን የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ጣሊያን ገቡ። በ271 ፕላሴንቲያ ላይ ጦሩን ክፉኛ መቱት። ሮም ተሸበረች። አስቡት፤ ከተማዋ ለዘመናት ጠላት በሯ ድረስ ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም። የነበራት ግንብ ከ600 ዓመት በፊት የተሠራ ነው፤ ከተማዋ ከግንቡ ውጭ ሰፍታ ሄዳለች። አውሬሊያን ግን ቶሎ አገገመ። መጀመሪያ ፋኖ ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ፣ ከዚያ ፓቪያ አካባቢ ወራሪዎቹን ሰባበራቸው።

ወደ ሮም ሲመለስ ነው የሰውየው ሌላ ፊት የሚታየው። የሳንቲም ማምረቻው ሠራተኞች አምፀው ነበር። ከብሩ እየቀነሱ ኪሳቸውን ሲሞሉ የቆዩ ናቸው ይባላል። መሪያቸው ፈሊሲሲመስ የተባለ የግምጃ ቤት ሹም ነበር። ውጊያው እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ኬሊያን ኮረብታ ላይ ሆነ። የጥንት ጸሐፊዎች 7,000 ወታደር ሞተ ይላሉ። ቁጥሩን ብትጠራጠሩ አልከራከራችሁም። ከዚያ በኋላ ግን አንዳንድ የሴኔት አባላት አንገታቸውን መቀላታቸው በብዙዎች ተጽፏል። ንብረታቸውም ተወረሰ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ወረቀቷ የምትነበብበት ሰዓት ሲመጣ ይህን የረሳ ሰው አልነበረም።

በዚያው ዓመት ግንቡን አስጀመረ። ስለ ግንቡ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ዛሬም ሄዳችሁ በእጃችሁ ልትነኩት ትችላላችሁ። ርዝመቱ 19 ኪሎ ሜትር ነው። ውፍረቱ 3 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው መጀመሪያ ላይ 8 ሜትር ግድም ነበር። በየ30 ሜትሩ ማማ አለው። ጦሩ ዘመቻ ላይ ስለነበር ሥራው የወደቀው በከተማው የግንበኞችና የእጅ ባለሙያዎች ማኅበራት ላይ ነው። ተቻኩለው ነው የሠሩት፤ ችኮላውም ያስታውቃል። በመንገዳቸው ያገኙትን ሕንፃ ሁሉ የግንቡ አካል አድርገውታል። የውኃ ማስተላለፊያ ድልድይ አለበት፤ የጦር ሰፈር አለበት፤ አንድ ትንሽ የትርዒት ስታዲየምም አለበት። ከሁሉ የሚያስቀው የሴስቲየስ መቃብር ነው። ሴስቲየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሞተ ባለጸጋ ነው። የግብፅ ነገር አምሮት 36 ሜትር ከፍታ ያለው ፒራሚድ አሠርቶ ተቀበረ። ከ280 ዓመት በኋላ የአውሬሊያን ግንበኞች መጡ። አላፈረሱትም፤ አልዞሩትምም። ግንቡን ከግራና ከቀኝ አምጥተው ለጠፉበት። ሟቹ ሳይጠየቅ የከተማ ዘበኛ ሆነ። ይህ ግንብ ከተማዋን ሲጠብቅ ኖሮ በ1870 የጣሊያን ጦር በመድፍ በስቶ እስኪገባ ድረስ አገልግሏል። አውሬሊያን ራሱ ግን ሲያልቅ አላየውም።

በ272 ወደ ዘኖብያ ዘመተ። በመንገዱ ላይ ቲያና የምትባል ከተማ በሯን ዘጋችበት። አውሬሊያን ተናደደና "እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ውሻ እንኳ በሕይወት አልተውም!" ብሎ ማለ ይባላል። ከተማዋ ተያዘች። ወታደሩ ጆንያውን ይዞ ዘረፋውን ጠበቀ። አውሬሊያን ግን ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። ወታደሮቹ "ምለህልን የለም ወይ?" ሲሉት፣ "እንግዲያው ሂዱና ውሾቹን ግደሉ!" አላቸው ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ፈጠራም ሊሆን ይችላል። እውነተኛው ነገር ግን ቲያና መትረፏ ነው። ይህ ወሬ ቀድሞት ስለሄደ ሌሎች ከተሞች ቶሎ ቶሎ በራቸውን ከፈቱለት።

ከአንጾኪያ አጠገብ ኢሜ ላይ ከፓልሚራ ፈረሰኞች ጋር ተገናኘ። እነዚያ ፈረሰኞች ሰውም ፈረሱም ብረት የለበሱ ናቸው። የአውሬሊያን ፈረሰኞች ቀላል ናቸው። ፊት ለፊት ቢገጥሙ አያዋጣቸውም። ስለዚህ የሸሹ መስለው ሮጡ። ብረት ለባሾቹ በፀሐይ ተከትለው ሮጡ። ሲዝሉና ሲንገዳገዱ ሮማውያኑ ዞሩባቸው። በቃ፣ አለቀ። በኤሜሳ፣ በዛሬዋ ሆምስ፣ እንደገና አሸነፈ። ዘኖብያ ፓልሚራ ውስጥ ተከበበች። ከፋርስ እርዳታ ልታመጣ በፈጣን ግመል አምልጣ ኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ ተያዘች።

ወታደሩ ትገደል አለ። አውሬሊያን አልገደላትም። አማካሪዋ የነበረው ፈላስፋው ሎንጊኖስ ግን ተገደለ። በ273 ፓልሚራ እንደገና ስታምፅ ከዳኑብ ድረስ ገስግሶ ተመለሰ። የዚያን ጊዜ ምሕረት የለም። ከተማዋን አስዘረፋት። ከዚያ በኋላ ፓልሚራ የድሮዋ ፓልሚራ አልሆነችም።

እዚያው ምሥራቅ ሳለ የገጠመው አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ጆሮ ቅርብ ነው። የአንጾኪያው ጳጳስ ጳውሎስ ሳምሳጢ ስለ ክርስቶስ ባስተማረው ትምህርት በጳጳሳት ጉባኤ ተወግዞ ነበር። ጳውሎስ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ቤት አልለቅም አለ። ክርስቲያኖቹ ወደ አውሬሊያን አቤት አሉ። ክርስቲያን ላልሆነ፣ ፀሐይን ለሚያመልክ ንጉሥ ማለት ነው! እሱም ቤቱ የጣሊያንና የሮም ጳጳሳት በደብዳቤ ለሚቀበሏቸው ይሰጥ ብሎ ፈረደ። ጳውሎስ ወጣ።

ምዕራቡ ብዙ አላስቸገረም። በ274 የጎሉ ገዥ ቴትሪከስ ጦሩ ሻሎን አካባቢ እየተዋጋ ሳለ ራሱ ለአውሬሊያን እጁን ሰጠ። ከወታደሮቹ ይልቅ ጠላቱን አመነ ማለት ነው። አልተሳሳተም።

በዚያው ዓመት ሮም ውስጥ ታላቅ የድል ሰልፍ ተደረገ። ዘኖብያ በወርቅ ሰንሰለት ታስራ ተራመደች ይባላል። ከሰልፈኞቹ መካከል አክሱማውያንም ስጦታቸውን ይዘው ነበሩ ይላል ያው ሂስቶሪያ ኦገስታ። አዎ፣ የኛዎቹ። ከምርኮኞች ጋር ነው የሚቆጥራቸው። እኔ ግን አልዋጥልህ ይለኛል። አውሬሊያን ወደ አክሱም አልዘመተም። መጥተው ከሆነም በመልእክተኛነት ነው የሚሆነው። ጸሐፊው ሰልፉን ለማድመቅ የሩቅ አገር ስሞችን ደርድሮም ይሆናል። ለማንኛውም በዚያው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ የወርቅ ሳንቲም ማስመታት ጀምሯል። ይህን ያነሳሁት ለኩራት ያህል ነው፤ ከአውሬሊያን ሞት ጋር አይገናኝም።

ከሰልፉ በኋላ ዘኖብያ ሮም አጠገብ በቲቮሊ ቤት ተሰጥቷት እንደ አንድ የሮም እመቤት ኖረች ይባላል። ቴትሪከስ ደግሞ በደቡብ ጣሊያን የሉካኒያ ግዛት አስተዳዳሪ ሆነ። ትናንት ንጉሥ ነኝ ብሎ ሳንቲም ያስመታ ሰው ዛሬ ደመወዝተኛ ሹም ሆነ።

አሁን እስካሁን የነገርኳችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡት። አውሬሊያን ለተሸነፈና ለተንበረከከ ጠላት ይራራል። የማይራራው ለራሱ ሰው ነው። የሳንቲም ሠራተኞቹ የራሱ ሰዎች ናቸው። የሴኔት አባላቱ የራሱ ሰዎች ናቸው። ወታደሮቹማ አይነሱ። ለአንድ አዛዥ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ፣ "የማንንም ዶሮ የሚሰርቅ አይኑር፤ በግ የሚነካ አይኑር፤ ወይን የሚለቅም አይኑር፤ ዘይትና ጨውና ማገዶ የሚጠይቅ አይኑር" አለ ይባላል። ካደረበት ቤት ባለቤት ሚስት ጋር ያመነዘረ አንድ ወታደር ነበር። ሁለት ዛፎች ጎንበስ አድርገው እግሩን አንዱን ከአንዱ፣ ሌላውን ከሌላው አስረው ለቀቋቸው ይባላል። ዛፎቹ ቀና ሲሉ የሆነውን አልነግራችሁም፤ ገና እራት ያልበላችሁ አላችሁ። ይህ እውነት ይሁን አይሁን ለእኔ ጉዳይ ብዙ አይለውጥም። እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚወራበት ሰው መሆኑ ይበቃኛል።

ስስት ግን አልነበረበትም። ለሮም ድሃ የሚታደለውን ስንዴ ወደ ተጋገረ ዳቦ ቀየረው። የአሳማ ሥጋ፣ ዘይትና ጨው ጨመረ። ወይን ጠጅም በነፃ ላድል ሲል አንድ ሹሙ፣ "ወይን ከሰጠናቸው የቀረን ዶሮና ዝይ ማደል ነው" አለው ይባላል። ሚስቱ አንዲት የሐር ቀሚስ ብትለምነው፣ ሐር በወርቅ ሚዛን እየተመዘነ አይሆንም ብሎ ከለከላት ይባላል። በ274 ሳንቲሙን አሻሽሎ አዲስ አስመታ። ብሩ ከመቶ አምስት ግድም ሆነ። ዛሬ ለኛ ምንም አይመስልም፤ ከቀድሞው ግን የተሻለ ነው። ለማይሸነፈው ፀሐይ ትልቅ ቤተ መቅደስ ሠራ። በአንዳንድ ሳንቲሞቹ ላይም "ጌታና አምላክ" ተባለ። በሌሎቹ ላይ ደግሞ "ዓለምን የመለሰ" ይላል። ከዳኑብ ማዶ ያለችውን ዳሲያን ግን ለቀቀ፤ ሊይዛት እንደማይችል ገብቶታል። ሕዝቡንና ጦሩን ከወንዙ ወዲህ አምጥቶ ቦታውን ዳሲያ ብሎ ጠራው። ሽንፈትን እንዲህ በዘዴ መሸፈን የሚችል ሰው ነበር።

አሁን ወደ 275 እንምጣ። አውሬሊያን የቫሌሪያንን ውርደት ሊበቀል ወደ ፋርስ እየዘመተ ነው። ጦሩ ትራኪያ ደርሷል። ከፔሪንቶስ ወደ ቢዛንቲየም በሚወስደው መንገድ ላይ ኬኖፍሩሪየም የምትባል ትንሽ ማረፊያ አለች። ዛሬ ቦታው ከኢስታንቡል በስተምዕራብ ነው። ጦሩ እዚያ አረፈ።

ከንጉሡ ጋር የሚጓዝ አንድ የጽሕፈት ሰው አለ። ዞሲሞስ የተባለው ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ኤሮስ ይለዋል። ሂስቶሪያ ኦገስታ ምነስቴዎስ ይለዋል። እኔ ኤሮስ እለዋለሁ። ሥራው መልእክት መቀበልና መልስ ማድረስ ነበር። አንድ ነገር አጠፋ፤ አውሬሊያንም ዛተበት። እዚህ ጋ ሂስቶሪያ ኦገስታ አንዲት ወርቅ ዓረፍተ ነገር አለችው። ጸሐፊው ሁለት ነገር ያውቅ ነበር ይላል፤ አውሬሊያን በቀላሉ አይዝትም፤ ከዛተ ደግሞ ይቅር አይልም።

ኤሮስ ምን ያድርግ? ሰይፍ አያውቅም። ጦር የለውም። ያለው ብዕርና የጌታውን የእጅ ጽሑፍ በየቀኑ ያየ ዓይን ነው። ቁጭ ብሎ የአውሬሊያንን ጽሑፍ አስመስሎ የስም ዝርዝር ጻፈ። ሊገደሉ የታሰቡ መኮንኖች ዝርዝር ነው።

እንዴት አድርጎ እንዳዘጋጀው ተመልከቱ። በመጀመሪያ ንጉሡ በእውነት የተቆጣቸውን ሰዎች አስገባ። እነዚህ ስማቸውን ሲያዩ "ያልኩት ደረሰ" ይላሉ። ቀጥሎ ንጉሡ ምንም ያላላቸውን ጨመረ። እነዚህ ደግሞ "ለካ ዝም ያለኝ ለዚህ ነው" ይላሉ። መጨረሻ ላይ የራሱን ስም ከተተ። ይህች ናት ተንኮሏ። እሱም አብሮ የሚሞት ከሆነ ለምን ይዋሻል? ሦስቱንም ነገር የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚያወጣው። ኤሮስ መኮንኖቹን ያውቃል፤ ንጉሡን ያውቃል፤ መኮንኖቹ ስለ ንጉሡ የሚያስቡትንም ያውቃል።

"ሄደው ለምን አልጠየቁትም?" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን እናንተ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? "ጃንሆይ፣ ሊገድሉኝ አስበዋል እንዴ?" ካላሰበ ያን ጊዜ ማሰብ ይጀምራል። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ንጉሡን የሚጠረጥር ሰው ነው፤ ንጉሡን የሚጠረጥር ደግሞ ዝርዝር ውስጥ የሚገባ ሰው ነው። ጊዜም የለም። ነገ ጦሩ ይነሳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እነሱም ጠረጠሩ። ሲጠረጥሩም የሳንቲም ሠራተኞቹንና የሴኔት አባላቱን አንገት ያስታውሳሉ። የአውሬሊያን ባሕርይ ሁሉ ለኤሮስ ምስክር ሆኖ ቆመለት።

አንዳንዶቹ ከ268ቱ የሚላን ሌሊትም ልምድ ሳይኖራቸው አይቀርም። ንጉሥ መግደል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ጦሩ በደንብ ተምሯል። ዞሲሞስ እንደሚለው አውሬሊያን ዘብ ሳይበዛበት ሲወጣ ጠበቁት። በሰይፍ ወረዱበት። የመታው ሙካፖር የተባለ የትራኪያ መኮንን ነው ይባላል። አውሬሊያን ስልሳ ዓመት ሞልቶት ወይም አንድ ዓመት አልፎት ነበር።

እውነቱ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። መኮንኖቹ ቀብሩን በዚያችው መንገድ ዳር በክብር አደረጉለት። ጸሐፊውን ከእንጨት ላይ አስረው ለአውሬ ጣሉት ይባላል።

አሁን አንድ ጥርጣሬዬን ላካፍላችሁ። ይህ የዝርዝር ታሪክ ሌላም ቦታ አለ። በ96 የተገደለው ዶሚቲያን የሚገድላቸውን ሰዎች ስም የጻፈበት ሰሌዳ በአንድ ሕፃን እጅ ወጥቶ ሚስቱ ዘንድ ደረሰ ይላሉ። በ192 የተገደለው ኮሞደስም እንዲሁ፤ ዝርዝሩን ሕፃን ይዞት ወጣ፤ ማርሲያ የምትባለው ቁባቱ አነበበችው። ጋሊየነስ ላይ ደግሞ፣ በሚላን ተከቦ የነበረው ጠላቱ የመኮንኖችን ስም ጽፎ ንጉሡ ሊገድላችሁ ነው ብሎ ከግንብ ላይ ወረወረ የሚል ትረካ አለ። አራት ንጉሥ፣ አራት ወረቀት። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ የጥንት ጸሐፊዎች ጥሩ ታሪክ ሲያገኙ ከአንዱ ንጉሥ ወደ ሌላው ያዘዋውሩታል ማለት ነው። ወይም ደግሞ ገዳዮቹ ራሳቸው ከገደሉ በኋላ "ተታለን ነው" የሚል ሰበብ አስፈልጓቸዋል። አስቡት፤ ወታደሩ አውሬሊያንን ይወደው ነበር። ገዳዮቹ በዚያ ወታደር መሐል ነው የሚያድሩት። ጥፋቱን በአንድ ጸሐፊ ላይ ጭኖ ጸሐፊውን ለአውሬ መስጠት አፍ ያዘጋል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ፣ ግን በሙሉ ልቤ አይደለም። ምክንያቱም ከገዳዮቹ አንዱም ሊነግሥ አልሞከረም። በዚያ ዘመን ንጉሥ የሚገድል ሰው ሌላ ንጉሥ አዘጋጅቶ ነው የሚገድለው። ጋሊየነስ በሞተ ማግስት ክላውዴዎስ ነበረ። አውሬሊያን በሞተ ማግስት ግን ማንም የለም። ጦሩ ተወዛግቦ ለሴኔቱ "እናንተ ምረጡ" ብሎ ላከ። ይህ ደግሞ ያልታሰበ፣ በድንጋጤ የተፈጸመ ግድያ ይመስላል። የኤሮስን ወረቀት ሙሉ በሙሉ እንዳልጥላት የሚያደርገኝ ይህ ነው።

ዙፋኑ ጥቂት ሳምንታት ባዶ ከቆየ በኋላ ታሲተስ የተባለ ሽማግሌ ተመረጠ። ከገዳዮቹ ያገኛቸውን ቀጣ። በዓመቱ ሳይሞላ እሱም ሞተ። ከዚያ ፕሮበስ ነገሠ። ፕሮበስ ድሮ በአውሬሊያን ሥር ያገለገለ አዛዥ ነው፤ ግንቡንም የጨረሰው እሱ ነው። ዞሲሞስ እንደሚለው የቀሩትን ገዳዮች ግብር ጠራቸው። መጡ። እየበሉ ሳለ ወታደሮቹ ገቡና ፈጇቸው። የዚያን ጊዜ ዝርዝሩ እውነተኛ ነበር። ፕሮበስን ደግሞ በ282 የራሱ ወታደሮች ገደሉት።

ከእኔ ይህን ያህል ነው። ጥያቄ ካላችሁ ማይኩ ወደ እናንተ ይመጣል። ስለ ዘኖብያ የሚጠይቀኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ከእሱ እንጀምር። አመሰግናለሁ።